የባለቤቴን ጭስ ስለ መረጡለት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ዶን ፋብሪሲዮ ኦሳንዶን
የሳን ኤሬሞ ዓሣ ገበያ አስተዳዳሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይ ለጉሮሮዎ። በዚህ ወር የባሕሩ ነፋስ ክፉ በመሆኑ የቢሮዎን በር ዘግተው እንደሚውሉ ስለማውቅ፣ አንኳኩቼ ከማስቸግርዎ ይልቅ ደብዳቤዬን ሁሉም በሚያነበው በገበያው ሰሌዳ ላይ መለጠፍን መርጫለሁ።

ኖርማ ሳልዲቪያ እባላለሁ፤ በሦስተኛው መደብ ላይ በቢላዋ ዓሣ የምበልተው ሴት ነኝ። እኔን ባያስታውሱኝ አይፈረድብዎትም። ባለቤቴን ኦሬስቴስ ካታላንን ግን ያውቁታል፤ ጀልባዎቹ ሲገቡ ዓሣውን በጨረታ የሚጠራው እሱ ነበር። ማጉያ አይዝም፤ ገና መልሕቅ ያልጣሉት እንኳ ዋጋውን ከባሕር ላይ ሆነው ይሰሙት ነበር። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ ጤናችን በማሰብዎ አመሰግናለሁ። እርግጥ ከእርስዎ በፊት እኛም በአቅማችን ትንሽ አስበን ነበር። ኦሬስቴስ ጢም ሳያወጣ የጀመረው ሲጋራ ከከንፈሩ ተለይቶ አያውቅም። ሐኪሟ ጉሮሮውን አይታ የድምፁ ጅማት ላይ ነጭ ነገር አገኘችና፣ «ዶን ኦሬስቴስ፣ ወይ ሲጋራዎን ወይ ድምፅዎን ይምረጡ» አለችው። ሲጋራ ለማቆም የሰጠችውን ማስቲካ አላመጠ፣ ፕላስተሩን ክንዱ ላይ ለጠፈ፤ በመሐል በመሐል ደግሞ አጨሰ። በመጨረሻ እሷም ታከታትና፣ «ሁሉንም ቢተዉ ደስ ይለኛል። ካቃተዎት ግን በኤሌክትሮኒክ ማጨሻ ይተኩት። እሱም ጠበል አይደለም፤ ከእሳቱ ግን ይሻላል» አለችው።

ልጃችን ጄሴኒያ ከቫልፓራይሶ ያመጣችለት የመጀመሪያው ሬዲዮ የሚያህል፣ መብራቱ የሚብለጨለጭ፣ ቁልፉ የማያልቅ ነገር ነበር። በዓሣ ቅርፊት የተለበጠ እርጥብ እጅ ያን ሁሉ ቁልፍ ምን ያድርገው? ፈሳሹ ኪሱ ውስጥ ፈሰሰ፤ ውስጡ ያለችው ማሞቂያ ሽቦ ስታርር ደግሞ አፉን የተቃጠለ ላባ ላባ አለው። ጀልባ ላይ ያሉት፣ «ኦሬስቴስ! ባቡር ሆንክ እንዴ? ስንት ሰዓት ነው የምትነሳው?» እያሉ ሲሥቁበት የዓሣ አንጀት ባልዲ ውስጥ ወረወረው። ሁለተኛው ሲያልቅ የሚጣለው ዓይነት ነበር። በጨረታው መካከል አለቀበት፤ እጁም ወደ ለመደው ፓኮ ሄደ።

ለሦስተኛው እኔው ራሴ ኦሬስቴስን ይዤ ወደ ከተማ ወጣሁ። ባለ ሱቋ ስለ ማንጎና ስለ እንጆሪ ጣዕም ልትነግረን ስትጀምር፣ «ስሚኝ የኔ ልጅ፣ ባሌ ጥፍር የምታህል ሽቦ የሚፈታበት ጊዜም ዐይንም የለውም። ዓመት እስከ ዓመት አብሮት የሚኖር፣ የማይጨቀጭቀው ነገር ስጪኝ» አልኳት። «እንዲህ ያለ ባል ቢኖር እኔም እገዛ ነበር» ብላ ሣቀችና ጣት የምታህል ጥቁር ነገር አወጣች። ቁልፍ የላትም፤ ሲስቧት ብቻ ትሠራለች። ፈሳሹን ከላይ መሙላት፣ ማታ በስልክ ቻርጀር መሰካት፣ ጣዕሟ ሲበላሽ የምትሞላዋን ክፍል ነቅሎ በአዲስ መተካት፤ በቃ። ፈሳሹንም ጠንከር ያለና ተራ የትምባሆ ጣዕም ያለው መረጠችልን፤ ደካማውን የወሰደ ቀኑን ሙሉ ሲስብ ይውላል አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦሬስቴስ ሲጋራ አልነካም። ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት መጣ። ጠዋት ጠዋት የሚያንቀው ሳል ጠፋ። ሐኪሟም ነጩ ነገር እንዳላደገ አይታ፣ «ተኝቷል፤ አንቀስቅሰው» አለች።

ሁለተኛ፤ ስለ ማስታወቂያዎ። ኤሌክትሮኒክ ማጨሻ በገበያው ክልል ሁሉ፣ ክፍት በሆነው የጀልባ መውረጃ ጫፍ ላይ ጭምር፣ ለጎብኚዎች መልካም ገጽታ ስለማይሰጥ ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑን ገለጹልን። በዚያው ሳምንት ለሲጋራ አጫሾች፣ ሲጋራ ከሚሸጠው ኪዮስክ ጎን፣ ጣሪያና አግዳሚ ወንበር አሠሩ። ጭስ ለጎብኚ ጌጥ፣ እንፋሎት ግን ነውር መሆኑን እኛ ዓሣ የምንበልት ሰዎች ከየት እናውቀው ነበር? ስላስተማሩን እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፤ ስለ ምክርዎ። ጥበቃው ያቺን ጥቁር ነገር ቀምቶ ቢሮዎ ውስጥ ሲቆልፍባት፣ ኦሬስቴስ ባርኔጣውን አውልቆ እርስዎ ዘንድ ገባ። «ዶን ፋብሪሲዮ፣ ቢያንስ መውረጃው ጫፍ ላይ ይፍቀዱልኝ፤ እዚያ ከወፎቹ በቀር ማን አለ?» አለዎት። እርስዎም እንደ አባት፣ «ካታላን፣ ሱስህ ከመጣ እንደ ሰው ጥግህን ይዘህ አጭስ። ወንበሩን ለማን ብዬ ነው ያሠራሁት?» አሉት።

እንደ ሰው ሄደ። መጀመሪያ ባዶ እጁን ነበር የሚቀመጠው። ከዚያ አንዱ ጓደኛው፣ «አንዲት ብቻ፣ አንተ ሰውዬ! አንዲት ምን ታደርግሃለች?» ብሎ ፓኮውን ዘረጋለት። ከመደቤ ሆኜ፣ ቢላዋ በእጄ እንደያዝኩ አየሁት። «ኦሬስቴስ!» ብዬ ጮኽኩ፤ እንዳልሰማ ሆነ። ማታ ቤት ስንገባ፣ «ሌላ እንግዛና እዚህ ቤት ሳብ» ስለው፣ «ቀኑን የት ነው የምውለው፣ ኖርማ? ከአንቺ ጋር አልጋ ላይ ነው?» አለኝ። ሣቅን። እንደዚያ ሆነን ከሣቅን ቆየን።

አራተኛ፤ ይህን ልተወው ነበር። ማስታወቂያዎ በሽታውን አመጣ አልልም፤ ሐኪሟም አልማለችልኝም። «የተኛው ለምን እንደነቃ በእርግጠኝነት ልነግራችሁ አልችልም» አለችን፤ ከዚያ ቢጫ የሆኑ ጣቶቹን ገልብጣ አየቻቸው። በመስከረም ሐኪሞቹ ጉሮሮውን ቀደው ድምፁን ከነሳጥኑ አወጡለት። አሁን አንገቱ ላይ ባለ ቀዳዳ ይተነፍሳል። ሲፈልገኝ በማንኪያ ጠረጴዛውን ይመታል፤ ቶሎ ካልመጣሁ ደጋግሞ ይመታና ያለቅሳል፤ ልቅሶውም ድምፅ የለውም።

«ለገበያችን ድምፅ» ብለው የላኩት አበባ ደርሶናል። እጅግ ያማረ ነበር። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ስለማያሸት፣ ሽታውን እኔ ነገርኩት።

ለጣሪያው፣ ለወንበሩና ለአበባው ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣ እንደ ሰው ስላኖሩን ዘወትር የማልረሳዎት፣

ትሑት ሠራተኛዎ
ኖርማ ሳልዲቪያ፣ የኦሬስቴስ ካታላን ባለቤት

ማስታወሻ፦ ዓሣ አጥማጆቹ እሑድ ተሰብስበው የጨረታ ጠሪ እንድሆን መርጠውኛል። ድምፄ እንደ እሱ አያምርም፤ ሻካራና ኃይለኛ ነው። በደንቡ መሠረት አስተዳዳሪው ጨረታው እስኪያልቅ ከጠሪው ጎን መቆም ስላለባቸው፣ ከሰኞ ጀምሮ በየማለዳው ጆሮዎ ሥር ነኝ። እኔ ደግሞ በሕይወቴ አጭሼ አላውቅም፤ ገና ለብዙ ዓመት ይሰሙኛል።