የአባቴን ፍሪሲዮን ለመረጡልን ክቡር ሰብሳቢ

ለስፖርት መኪና ባለቤቶች ማኅበር የቴክኒክ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሆነ በታላቅ አክብሮት እየጠየቅሁ፣ ሁለቱም ጉልበቶችዎ ያለ አንዳች ሕመም ደረጃ ወጥተው እንዲወርዱ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የቀይዋ ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና ባለቤት ልጅ ነኝ። ማኅበሩ በየዓመቱ የሚያደርገው የተራራ ጉዞ የፊታችን እሑድ መሆኑን፣ የአባቴም ስም በእርስዎ ፊርማ ከዝርዝሩ መሰረዙን ያውቃሉ። ሐኪማቸው ከሚቀጥለው የጉልበት ቀዶ ጥገና በኋላ መኪና መንዳት እንደማይፈቅድላቸው ስለነገራቸው፣ ይህ ጉዞ ለአባቴ የመጨረሻቸው መሆኑን ግን ላያውቁ ይችላሉ። በሙያዬ የሒሳብ መምህርት ስለሆንኩ ነገሬን በቁጥር ባስቀምጥ ቅር እንደማይሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ።

1ኛ. በቅድሚያ ስለ ቅጹ አመሰግናለሁ። ባለፈው ዓመት ማብቂያ ላይ የመኪናችን ፍሪሲዮን መንሸራተት ጀመረ፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን ሰሌዳ ላይ ውጣ እንደተባለ ሰነፍ ተማሪ ከቦታዋ አትነቃነቅም። በጉዞው የሚሳተፍ አባል የሚቀይረውን ዕቃ ሁሉ ኮሚቴዎ ማጽደቅ ስላለበት፣ ባለ ሦስት ገጹን ቅጽ ቁጭ ብለን ሞላን። ቅጹ የሞተሩን አቅም፣ የጎማውን ስፋት፣ የቀለሙን ቁጥር ሳይቀር ይጠይቃል። ማርሽ በተቀየረ ቁጥር የፍሪሲዮኑን ፔዳል የሚረግጠው ግራ እግር ስንት ዓመቱ እንደሆነና ስንት ጊዜ በሐኪም ቢላ እንደተከፈተ የሚጻፍበት ቦታ ግን አጣሁ። ስለዚህ «ተጨማሪ አስተያየት» በሚለው መስመር ላይ ፊደሎቼን አጣብቄ ጻፍኩት። ማኅተምዎ በትክክል እዚያ ላይ አርፎ ተመልሶልናል።

2ኛ. ስለ ምርጫውም እንዲሁ ምስጋናዬ ይድረስዎ። መካኒካችን ሦስት ፍሪሲዮኖች አግዳሚው ላይ ደርድሮ ልዩነታቸውን አስረድቶን ነበር። የመጀመሪያው ፋብሪካው የሚሠራው ዓይነት ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ግን አባቴ ያጠነከሩትን የእኛን ሞተር አይችልም። ሁለተኛው ጠንከር ያለ ሆኖ ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያያይዘው ሸራው ቀስ ብሎ የሚይዝ፣ ፔዳሉም ለእግር የማይከብድ ነው። ሦስተኛው የእሽቅድምድም ነው፤ ሸራ በሚሆንበት ቦታ መዳብ የተቀላቀለበት ነገር ተለጥፎበታል፣ ሲይዝ አንዴ ነው፣ ፔዳሉን መርገጥም ግድግዳ እንደመግፋት ነው። መካኒኩ እጁን ጨርቅ ላይ እየጠረገ፣ አባባ መኪናዋም እግርዎም የሚፈልጉት መሐለኛውን ነው አላቸው። እርስዎ በአንድ መስመር ደብዳቤ፣ ለስሙ የሚመጥን የስፖርት መኪና ከእሽቅድምድም ፍሪሲዮን በታች እንደማይገባው አስታወቁን። እርስዎ የመረጡልን ዘጠኝ መቶ የፈረስ ጉልበት ይችላል፤ የአባቴ መኪና ያላት ሁለት መቶ አርባ ነው። የቀሩት ስድስት መቶ ስልሳ ፈረሶች የት እንደሚታሰሩ ግን በደብዳቤዎ ላይ አልተገለጸም።

3ኛ. አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቶርኖ ቤት የሠሩ፣ ብረት በስሱ ሲላጭ ድምፁን ሰምተው ልኩን የሚያውቁ ሰው ናቸው። ያቺን መኪናም ከቁርጥራጭ ክምር አውጥተው በዐሥራ አንድ ዓመት ሰው አድርገዋታል። ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲያዩ ግን እንደ ልጅ ይታዘዛሉ፤ ስለዚህ ያዘዙትን ገጠምን፤ በሦስተኛው ቀን አብረን ወጣን። ዳገቱ ላይ ቀይ መብራት ያዘን። ከኋላችን መኪና ተሰልፏል፤ የአባቴ ግራ እግር ከጉልበቱ በታች ሲንቀጠቀጥ ከጎናቸው ሆኜ አያለሁ። አረንጓዴ ሲበራ እግራቸው ከዳቸው፣ መኪናዋም ሦስቴ ዘልላ ጠፋች። አስነሧት፤ ደግማ ጠፋች። ከኋላ ጡሩምባው ቀለጠ፤ ሽማግሌው ለልጅቷ ይልቀቁላት እንጂ ብሎ የጮኸም ነበር። በመጨረሻ የትራፊክ ፖሊሱና አንድ የታክሲ ሾፌር ገፍተው ዳር አስያዙን፤ አባቴም ወደ ማንም ሳይዞሩ መሪያቸውን እንደያዙ ፊት ለፊት ያዩ ነበር። ክቡር ሆይ፣ ለአንድ አፍታ ትሕትናዬን ላቋርጥና በግልጽ ልናገር፤ ያን ቀን ጠልቼዎታለሁ።

ትሕትናዬ ተመልሷል፤ እቀጥላለሁ። ቤት ስንደርስ አባቴ ቁልፉን መዳፌ ላይ አድርገው፣ በቃኝ ልጄ፣ ከእንግዲህ አንቺ ንጂያት አሉኝ። በየጠዋቱ ጨርቅ ይዘው ወደ መኪናዋ ይወርዱ የነበሩ ሰው አምስት ሳምንት ሙሉ በመስኮት እንኳ አላዩዋትም። እናቴ ምን ነካዎት ብትላቸው ወገቤን ነው ይላሉ። ወገባቸውን አሟቸው አያውቅም።

4ኛ. እዚህ ላይ ጥፋቴን አምናለሁ። መካኒኩን ለምኜ፣ የእርስዎን ምርጫ አስወልቄ መሐለኛውን አስገጠምኩ። ከዚያ አባባ አንዴ ብቻ ይርገጡት ብዬ እጃቸውን ጎትቼ አስቀመጥኳቸው። ረገጡ። ደግመው ረገጡ፤ ቀና ብለው አዩኝና፣ ይቺማ ትሰማኛለች አሉ። የዚያኑ ዕለት ወደዚያው ዳገት ሄድን፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ አባቴ ፍጥነታቸውን ቀንሰው ቀይ እስኪበራላቸው ጠበቁ። ሲነሡ ኮፈኗ ላይ ብርጭቆ ውኃ ቢቀመጥ እንኳ አይፈስም ነበር። አባቴ መደበቅ ስለማይችሉበት በራሳቸው የእጅ ጽሑፍ ለኮሚቴዎ አሳወቁ፣ እርስዎም በሁለት ቀን ውስጥ ስማቸውን ሰረዙ። ቅጻችንን ለማየት ሦስት ወር የፈጀ ኮሚቴ እንዲህ መፍጠን መቻሉ ለማኅበሩ ትልቅ እመርታ ነው።

5ኛ. ይህ ልመና እንጂ ቅሬታ አይደለም። የአባቴን ስም እስከ እሑድ ይመልሱልኝ። ይህ ከደንቡ ጋር የማይሄድ ከሆነም አይጨነቁ፤ መንገዱ የማኅበሩ አይደለምና ከእናንተ አንድ ሰዓት ቀድመን እንወጣለን፣ ተራራው አናት ላይ ቆመንም አንድ በአንድ እጃችንን እያነሣን እንቀበላችኋለን። አባቴ ለእርስዎ ጎንበስ ብለው ሰላም እንደሚሉ ከአሁኑ ላረጋግጥልዎ እችላለሁ፤ ያደጉት እንደዚያ ነው።

ዕውቀትዎ እንዳይጎድል፣ ወንበርዎም እንዳይነቃነቅ እየተመኘሁ፣ ለመታዘዝ ብዙ ሞክራ ያልሆነላት፣

የቀይዋ መኪና ባለቤት ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የስም ስረዛውን ወረቀት ልወስድ ቢሮዎ የመጣሁ ዕለት መኪናዎ በሩ ላይ ቆሞ የውኃ ቦቴ እንዳይገባ መንገድ ዘግቶ ነበር። እርስዎም በመስኮት ብቅ ብለው፣ ግቢው ውስጥ ቆመው የሚጠብቁኝን አባቴን ጥበቃው መስለውዎት ቁልፍ ወረወሩላቸውና መኪናውን ወደ ኋላ መልሰው አሏቸው። አባቴ ታዘዙ። ገብተው ተቀመጡ፤ ግራ እግራቸውን ዘርግተው ፍሪሲዮኑን ፈለጉ፣ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ሳይቀር ዳበሱ፣ አጡት። ለካ መኪናዎ ኦቶማቲክ ነው፤ የፍሪሲዮን ፔዳል የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም። እኔ ከቢሮዎ ስወርድ አባቴ መሪው ላይ ተደፍተው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቼ ደንግጬ ሮጥኩ፤ እየሳቁ ነበር። ሰውዬውን እንዳታሳፍሪው፣ ለማንም እንዳትናገሪ ብለው አስምለውኛል፤ በዚህም ምክንያት እስከ ዛሬ በአፌ ለአንድም ሰው አልተነፈስኩም።