ሱቄ የገባው ስልክ

ነቀምቴ፣ ኅዳር 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ጥፋቱ የወንድሜ የሽኩር ነው፤ ስልክ ሱቄ ያስገባው እሱ ነው። አልዋሽም፣ ስልኩ ጠቅሞኛል። ድሮ ማር መድረሱን ለማወቅ በጭነት መኪና አርጆ ድረስ እንገላታ ነበር። አሁን እዚሁ ተቀምጬ እዚያ ያለውን የአጎቴን ልጅ እጠይቀዋለሁ። የስልክ ቤቷ ኦፕሬተር እንደምትሰማ ስለማውቅ የምናወራው በጉራጌኛ ነበር።

ትናንት ጠዋት የአጎቴ ልጅ ደውሎ፣ ባለ ቀፎው ኦቦ ቶለራ ማራቸውን እንደቆረጡና ገና ለማንም እንዳላሳዩ ነገረኝ። ዛሬ ማልጄ አርጆ፣ እሳቸው ቤት ደረስኩ። ኦቦ ቶለራ ባዶውን ገንቦ እያሳዩኝ፣ "አዴ፣ ጎረቤትዎ ባለሱቁ ትናንት ማታ ጫነው እኮ! እርስዎ የላኩት መስሎኝ" አሉኝ። የዓመቱ ንግዴ እሱ ነበር።

ስመለስ ኦፕሬተሯን ስልክ ቤቱ በር ላይ አገኘኋት። የዚያው የጎረቤቴ ሚስት እህት ናት። "እትዬ፣ ማሩ ተገኘ?" አለችኝ፣ ጥርት ባለ ጉራጌኛ። ለካ ያደገችው ወልቂጤ ኖሯል።

ሽኩር፣ "ታዲያ ስልኩን ልንቀልልሽ?" ብሎ ሳቀብኝ። አይነቀልም፤ የገበያ ወሬ እሰማበታለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ቢሆንም ለአጎቴ ልጅ ደብዳቤ መጻፍ አያቅተኝም። ማር ያለውን ሰው ስም ግን ከእንግዲህ በስልክ አልጠራም፣ በየትኛውም ቋንቋ።