የማይሰጥ ዕጣ

ሰኞ፣ ኅዳር 9። ጠዋት።
ደጁን ስጠርግ አየሁት። የቤቴ በር ላይ በጠመኔ ቁጥር ተጽፏል። የጎረቤቴ የአስካለ በር ላይም አለ፤ እስከ አስፋልቱ ድረስ የሁሉም። ሊያፈርሱን ነው ይላል ሰፈሩ። አንዳንዱ በእርጥብ ጨርቅ አጥፍቶታል። እኔ አልነካሁትም።
የአስካለ ባል ሽብሩ ዛሬም ሲስል ነጋ። የጋራችን የጭቃ ግድግዳ ምንም አይደብቅም። ሸማኔ ነው፤ ከመስቀል ወዲህ መወርወሪያ አልጨበጠም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10።
ማፍረስ አይደለም። የጤና ጥናት ነው፤ የሚስለውን ይመረምራሉ። ታብሌት የያዘች ልጅ፣ ሰላም ትባላለች፣ መንገድ ላይ ሰብስባ አስረዳችን። ሰፈራችን ከብዙ ሰፈሮች መካከል በዕጣ ወጥቷል። አሁን ደግሞ አንድ ቤት በዕጣ ይይዙና ከእሱ ጀምረው እኩል ቁጥር ያለው ቤት እየዘለሉ ይገባሉ። ለአስካለ ደረሳት። ለእኔ አልደረሰኝም።
ምን አይተውብኝ ነው፣ ትላለች አስካለ። ማንም ምንም አላየባትም። ጳውሎስ ሆስፒታል ጋ ከመንገድ የገዛሁት አሮጌ የስታቲስቲክስ መጽሐፍ አለኝ። ግማሹ አልገባኝም፤ ይህ ግን ገብቶኛል። ከእንጦጦ የወረደ እንጨት ስገዛ ከላይ የታሰረውን ደረቅ አላምንም። ከመሃል አንዱን እመዛለሁ፤ እርጥቡ እዚያ ነው። በራቸውን ወደው የከፈቱትን ብቻ ቢጠይቁ ጤነኛ ሰፈር መዝግበው ይሄዳሉ።
ይህን ልነግራት ነበር። መጥረጊያዬን አንስቼ ገባሁ። እንደ ልማዴ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11። ከሰዓት።
አስካለ መጣች። ቆማ ነው ያወራችው። የሽብሩ ሳል ከታወቀ ሽመና ቤት ያለው ቦታ ለሌላ ይሰጣል፣ ሰውም ይሸሸናል ትላለች። መላ አግኝታለች።
"እትዬ በላይነሽ፣ ያኔ የዕቁብ ዕጣ ሲወጣልኝ ልጇ ለታመመባት አልሰጠሁም? ይኼም ዕጣ ነው፤ ለእርስዎ ሰጠሁ። ብቻዎን ነዎት፣ ደረትዎ ንጹሕ፣ ምን ይጎድልብዎታል?"
ሳቀች። ያዘለቻት የልጅ ልጇ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ዓመት አልሞላትም። የምትተኛው ሽብሩ አልጋ ላይ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12። አመሻሽ።
ኅዳር ሲታጠን። በየደጁ ቆሻሻ ሲቃጠል ዋለ፤ በሽታ እያባረርን ነው። ፀሐይዋ በጭሱ ቀልታለች።
ሰላም ጭሱን ሰንጥቃ መጣች። አስካለ እጇን ይዛ ወደ እኔ በር ጎተተቻት፤ ዕጣዬን ለእሳቸው ሰጥቻለሁ አለቻት። ልጅቷ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ተወችው።
"ዕቁብ አይደለም እኮ እናቴ። የሚመረመረው ዕጣው የወጣበት ቤት ራሱ ነው።"
ቤት ውስጥ ማን አለ? አለቻት። እኔና ሕፃኗ፣ አለች አስካለ። ባለቤትዎስ? ሸጎሌ፣ እህቱ ጋ።
ያን ጊዜ ከአስካለ ቤት ውስጥ ተሳለ። ረጅም። እርጥብ።
"ከአጥር ወዲያ ነው፣ ጭሱ ነው" አለች አስካለ። "ዛሬ ሰፈሩ ሁሉ ይስል የለ?"
ሰላም ወደ እኔ ዞረች። "እውነት ነው እማማ?"
"ጭሱ ነው" አልኩ።
ማስታወሻዬ ሆይ፣ ባሌ መኮንን በሞተበት ዓመት እዚሁ ክፍል ውስጥ ሲስል የዕድር ሰዎች ጠይቀውኝ ነበር። ብርድ ነው ብያቸዋለሁ። የዛሬው ድምፄ ያው የዚያን ቀኑ ነው።
ሰላም ነገ ለመጨረሻ ጊዜ ትመለሳለች። የደረት ራጅ የሚያነሳው መኪናቸው ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል።

ዓርብ፣ ኅዳር 13። ከጠዋቱ 1 ሰዓት።
ጭሱ የለም። እንጦጦ ጥርት ብሎ ቀርቧል። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አደረግሁ።
ሽብሩ ሳለ። ጸጥታ። ከዚያ ሌላ ሳል። ቀጭን። እንደገና ሽብሩ። እንደገና ቀጭኑ።
እየቸኮልኩ ነው የምጽፈው፣ ፊደሌን ታገሺው። ዕጣ የሚያስፈልገው ለመቆጠር ነው፤ ለመታከም ማን ዕጣ ጠየቀ? አስቀድሜ ለአስካለ እነግራታለሁ፣ ፊት ለፊት። ሕፃኗን እኔው አዝዬ ወደ ራጁ መኪና እወስዳታለሁ። ሰላም ስትመጣ ደግሞ በሁላቸው ፊት፣ ሽብሩ ቤት ነው፣ ትናንት ዋሽቼሻለሁ እላታለሁ። ሰፈሩ ይጥላኝ። አስካለም ትጥላኝ።
በር ተንኳኳ። የእኔ አይደለም። ሰላም ናት፤ ማልዳ መጣች። አስካለ ሁሉም ደህና ነው፣ ማንም የለም ስትላት ይሰማኛል። ልጅቷ አመስግናት ልትሄድ—

ወጣሁ