ውሃ የጠጣችው የሙሽራ መኪና

ኸሊል፣
መኪናዋን ቻርጅ ላይ እንዳትሰካት። ኮፈኑን ከፍተህ ብታይም ብርቱካናማውን ሽቦ እንዳትነካው፤ ይገድላል አሉኝ።

ቆማለች። በራሷ አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ጠዋት አንተ ሱቅ ሳለህ ይዣት እስከ ኮኪት ሄድኩ። ስመለስ በራችን ላይ ጋለችብኝ። የመመሪያ መጽሐፏን ብገልጠው ዳር እስከ ዳር ቻይንኛ ነው። ትራክተር ሲግልብኝ እንደማደርገው ኮፈኗን ከፍቼ አንድ ጀሪካን ውሃ ለቀቅኩባት። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፅም የላት።

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

እሁድ ሙሽራህን ሩፊዳን ከሽንፋ የምታመጣባት መሆኗን ረስቼ አይደለም። ግን ጓደኛህን ሳጂድን «የሙሽራዋን መኪና አንተ ትነዳለህ፣ ባየልኝ የሚያውቀው ትራክተር ብቻ ነው» ስትለው ጓሮ ሆኜ ሰምቻለሁ።
አምስት ዓመት አንድ ቤት ኖረን።
እንደምችል ላሳይህ ብዬ ነው።

መጽሐፏን ይዤ ጎንደር ሄጃለሁ፤ የሚያነብልኝ ሰው ሳላገኝ አልመለስም። እስከዚያ ለሩፊዳ ቤተሰቦች እንዳትነግር፣ በአላህ ይዤሃለሁ።

ቅዳሜ እዚህ ነኝ። ካልተሠራች የምሠራበትን ትራክተር አጥቤ አቁሜዋለሁ፤ ተሳቢው ላይ ምንጣፍ አንጥፍበት።
ሳጂድ ትራክተር አይችልም።

ባየልኝ