የግራው ሳጥን

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ጸጥ ያለ ቀን። ሁለት እናቶች አዋለድን፤ ሁለቱም ደህና። ሰብሊ ከኋላዬ ሆና ሦስቴ ጠራችኝ አሉ። አልሰማሁም። "ሐሳብሽ የት ነው አንቺ?" አለችኝ። የጤና ጣቢያችን ማዋለጃ ክፍል አስተባባሪ ብትሆንም ቁጣዋ እንደ እህት ነው። ድካም ይሆናል...

ከሥራ መልስ ላይኛው ሰፈር ሴቻ፣ አቶ ጥዑመልሳን ቤት ወጣሁ። ጡረታ ወጥተው ባሕር ዳር ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው። የቤቱ ዕቃ በሙሉ በካርቶን ታስሯል። የገዛኋቸውን የሸክላ ማጫወቻና ድምፅ ማጉያ አምፕሊፋየር አስረከቡኝ። እስፒከሮቹን ግን ምስጥ ጨርሷቸዋል። "ሠላሳ ዓመት አገልግሎኛል፤ አሁን ተኝቷል። ስትቀሰቅሺው ቀስ ብለሽ" አሉኝ። ሃያ ያህል ሸክላም ጨመሩልኝ።

በባጃጅ አቅፌው ወደ ታችኛው ሰፈር፣ ወደ ሲቀላ ወረድኩ። ክንዴ እስኪደነዝዝ።

ምን አስገዛኝ? ከማዋለጃ ክፍል ስወጣ ጩኸት ብቻ ነው ጆሮዬ ውስጥ የሚቀረው። ሌላ ድምፅ አማረኝ መሰለኝ። የራሴ የሆነ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ጋሽ አሞጽ ጋ ወሰድኩት። ገበያው ጀርባ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግነው፣ ኦቾሎ ተወልዶ ያደገው ሰው። ክዳኑን ቢከፍተው የተርብ ጭቃ ቤት፣ የደረቀች እንሽላሊት... "ሲስተር፣ ይሄ ቤት እኮ ተከራይ አለው" ብሎ ሳቀ።

ጣቴን ሰደድ ሳደርግ እጄን በጥፊ መታኝ። "አትንካ! ይገድልሃል!" ሲደነግጥ ወንድ ያደርገኛል። ለምጄዋለሁ። ከዚያ ሁለት ጣሳ መሳይ ነገሮች አሳየኝ። ኤሌክትሪክ ያጠራቅማሉ አለ። "ነቀልኩት ብለሽ እንዳትተማመኚ። ከሶኬት ወጥቶም ይይዛል።"

እቤት የሚያድር ነገር ነው እንግዲህ ይሄ? ፈራሁት። ልተወው ግን አልፈለግኩም።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ዘፈነ!

እስፒከሮቹን ጋሽ አሞጽ ከአንድ ከተዘጋ ሙዚቃ ቤት ነው ያገኛቸው። ሳጥኑን ሴቻ ያለው አናጢ ከዋንዛ ሠራልኝ፤ ሁለት፣ እኩያ፣ እንደ መንታ። ጋሽ አሞጽ አንዱን ከመስኮቱ በግራ፣ አንዱን በቀኝ አስቀመጠና ወንበሬን መሐል ጎተተው። "እዚህ ተቀመጪ። ዘፋኙ ከመሐል፣ ከባዶው ቦታ ነው የሚመጣልሽ።"

ተቀመጥኩ። መርፌው ወረደ። ትንሽ ቸሰስ... ከዚያ ድምፁ ሞላ። እንባዬ መጣ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ዘፋኙ ግን ከመሐል አልመጣም። ከቀኝ ነው የመጣው። የግራው ሳጥን የደከመ ይመስላል። "እኔ ጋ እኩል ነው" አለ ጋሽ አሞጽ። አላመንኩትም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

መርፌው አርጅቶ ነው ብዬ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። በአውቶቡስ ነው የመጣው፤ በጥጥ ተጠቅልሎ። ዛሬ ተቀየረ። ጥራቱ ሌላ ሆነ። የዘፋኙ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል።

በቀኝ።

የግራውን ሽቦ በወፍራም ቀየርነው። ያው ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ሽውታ አለው። ሩቅ እንደሚዘንብ ዝናብ። አጠፋሁት፤ አልቆመም። ከሶኬት ነቀልኩት፤ አልቆመም። ነቅለሽውም ይይዛል ብሎ የለ? እሱ ነው።

እሱ ይሁን።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

የአምፕሊፋየሩ የግራ ክፍል ተፈታ። ጋሽ አሞጽ ያረጁትን ዕቃዎች ሁሉ አንድ በአንድ ቀየራቸው። ሦስት ቀን ከሰዓት ከሰዓት ፈጀበት። ከሥራ ወጥቼ ሱቁ ስደርስ ከፈተልኝ። ግራው ያው ነው! "እኩል ነው ሲስተር" አለኝ እንደገና፣ ረጋ ብሎ።

"ጋሽ አሞጽ፣ ጆሮህ አይሰማም እንዴ?" አልኩት። ሰው ፊት። አባቴ የሚሆን ሰው።

የመበየጃ ካውያውን ነቅሎ አስቀመጠ። ትክ ብሎ አየኝ፤ አልተቆጣም። ባይቆጣ ነው የባሰብኝ። ምን ነበር ያየው ፊቴ ላይ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

እንዴት ብዬ ልጻፈው...

ጋሽ አሞጽ ሳልጠራው ማሽኑን ይዞ እቤት መጣ። ወንበሬ ላይ አስቀመጠኝ፤ ሌላ ሸክላ አስጀመረና ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ሁለቱን ሽቦዎች አቀያየራቸው፤ የግራው ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ። "ጥፋቱ ማሽኑ ውስጥ ከሆነ አሁን ቀኙ መድከም አለበት። የቱ ደከመ?"

"ግራው።"

"እንግዲያው ማሽኑ ደህና ነው።" ቀጥሎ ሳጥኖቹን እያቀፈ ቦታቸውን አለዋወጠ። "ጥፋቱ ሳጥኑ ከሆነ አሁን በቀኝ ነው ያለው። የቱ ደከመ?"

"ግራው" አልኩ። ድምፄ ሲቀንስ ታወቀኝ።

"ሲስተር፣ ዞር በይ" አለኝ። "ጀርባሽን ለሳጥኖቹ ስጪያቸው።"

ዞርኩ። ፊቴ ወደ በሩ። ቅድም በቀኜ ሲያስተጋባ የነበረው ሳጥን አሁን በግራዬ ሆነ። ወዲያው ደከመ። ደካማው ደግሞ በቀኜ ሆነና በረታ።

የደከመው ሳጥኑ አልነበረም።

ሸክላው እስኪያልቅ በሩን እያየሁ ቆምኩ። ጋሽ አሞጽ ዕቃውን ሰብስቦ ትከሻዬን ነካ አድርጎ ወጣ። ይቅርታ ልለው ይገባ ነበር። አላልኩትም።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴውን በግራ ለመስማት ቀኝ ጆሮዬን በነጠላ ደፈንኩት። ከውኃ ሥር ያለሁ ያህል ነው።

ሽውታውም የእኔ ነው ማለት ነው። የአምፕሊፋየሩ አይደለም።

ከመቼ ጀምሮ? የማዋለጃ አልጋችን ግድግዳ የተጠጋ ነው፤ የሚቆመው በአንድ ወገን ብቻ ነው። የፅንስ ልብ በፌቶስኮፕ፣ በዚያች መለከት በምትመስለው ማዳመጫ ሳዳምጥ ሁልጊዜ የሚጎነበሰው ግራ ጆሮዬ ነው። ሁልጊዜ! ስንት እናት ነው በዚህ ጆሮ...

ነሐሴ ላይ ሞቶ የተወለደው ሕፃን። የልቡን ምት በደቂቃ "136" ብዬ ጽፌ ነበር። ሰምቼ ነው የጻፍኩት። ሰምቼ ነበር?

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ለሰብሊ ልነግራት ሁለቴ ቢሮዋ ደጃፍ ደረስኩ። ሁለቴ ተመለስኩ። ካወቁ ከማዋለጃ ክፍል ያወጡኛል። ሌላ ምን አውቃለሁ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይሄንኑ ነው የሠራሁት።

በቀኜ አዳምጣለሁ። ተጠማዝዤም ቢሆን። ማንም አያውቅም።

አምፕሊፋየሩን በጨርቅ ሸፈንኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

የዛሬውን ሳልጽፈው አልተኛም።

ሻሺቱ ትባላለች። የጫኖ መንደር ሴት፣ ሙዝ አምራች፣ ሁለተኛ ልጇ። እኩለ ቀን ላይ ምጡ ጠና። ሰብሊ ሌላ እናት ይዛለች። በባትሪ የሚሠራው ማዳመጫ ከተበላሸ ወር አልፎታል። በችኮላ ፌቶስኮፑን ሆዷ ላይ ተከልኩና ተጎነበስኩ። በልማዴ። በግራዬ።

ተሰማኝ። ድም ድም ድም ድም፣ ጥርት ብሎ። ቆጠርኩ፤ 128። ተመስገን! እንዲያውም በግራዬ ሰማሁ ብዬ ደስ አለኝ። የእናትየውን እጅ ይዤ ምቷን ለካሁ፤ 96። የምሰማው የእሷ አይደለም፤ የልጁ ነው። ልጽፍ ብዕር አነሣሁ።

ምን እንዳሳሰበኝ እግዜር ይወቀው፤ እንደገና ተጎንብሼ ሁለት ጣቴን የራሴ አንገት ላይ አደረግኩ።

ድም ድም ድም ድም... ጣቴ ሥር ያለውና ጆሮዬ ውስጥ ያለው አንድ ነው። አይቀድም፣ አይከተልም።

የራሴን ልብ ነበር የምሰማው። ከፍርሃቴ የተነሣ እንደ ፅንስ ልብ የሚሮጠውን የራሴን ልብ!

አልጋውን ከግድግዳው ጎትቼ በወዲያኛው በኩል ዞርኩ። በቀኜ ተጎነበስኩ። ምንም። ፌቶስኮፑን ዝቅ አደረግኩ። ምንም... ከዚያ፣ ሩቅ፣ ዘገም ያለ። ድም... ድም... 78። ከመቶ አሥር መውረድ አልነበረበትም።

"ሰብሊ!" ስል ግቢው ሁሉ ሰማኝ አሉ።

ሻሺቱ እጄን አልለቀቀችኝም። "ልጄ ሞተ እንዴ? ንገሪኝ እንጂ!" "በሕይወት አለ፤ ደክሟል፤ ሆስፒታል እንሂድ" አልኳት። አምቡላንስ ውስጥ መንገዱን ሙሉ በቀኜ እያዳመጥኩ ሄድኩ። ኮረኮንቹ ሲያናጋን ይጠፋብኛል፤ እንደገና አገኘዋለሁ። 78። 74። 80።

ቀዶ ጥገና አደረጉላት። ሴት ልጅ። ዘግይታ አለቀሰች። ግን አለቀሰች።

ባሏ እግሬ ላይ ሊወድቅ ሲል ሸሸሁ። ምን አድርጌ ነው የምመሰገነው? ብዕሩ እጄ ላይ ነበር እኮ። 128 ልጽፍ ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ለሰብሊ ነገርኳት። ቁጭ ብላ ሰማችኝ። አቅፋ ታጽናናኛለች ብዬ ነበር መሰለኝ።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ኅዳር ሰባት።"

በጣቷ ቆጠረች። "አሥራ አንድ ቀን። አሥራ አንድ ቀን እያወቅሽ ከእነዚህ እናቶች ጋር ዋልሽ?" አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "ጆሮሽ መታመሙ ያንቺ ጥፋት አይደለም ማዕዶት። ዝም ማለትሽ ግን ያንቺ ነው።"

እውነቷን ነው።

የነሐሴውንም ነገርኳት። መዝገቡን አውጥታ አብረን አየነው። የመጨረሻው ቁጥር በእኔ እጅ ጽሑፍ ነው፤ 136። ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ አይናገርም። መቼም አይናገርም። ሰብሊ መዝገቡን ዘጋችና እጇን ላዩ ላይ አስቀመጠች።

ከነገ ጀምሮ ክትባት ክፍል ነኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 26

የሆስፒታሉ የጆሮ ሐኪም ወጣት ነው። ሹካ መሳይ ብረት መትቶ ከጆሮዬ ጀርባ አጥንቴ ላይ አስቀመጠ፤ ከዚያ ጆሮዬ አጠገብ። የቱ ይበልጣል እያለ። ከታምቡሩ ጀርባ ያለች የሩዝ ፍሬ የምታህል አጥንት ደንድና ይሆናል፤ የውጭው ድምፅ ሲታፈን የራስ ምት ይጎላል አለኝ። አዲስ አበባ በቀዶ ጥገና ሊስተካከል ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ቀጠሮ ለመጋቢት።

"ቀኙስ?"

"ለጊዜው ደህና ነው።"

ለጊዜው! እስከ ማታ ይቺው ቃል ናት በጭንቅላቴ የምትዞረው። አንዳንዱ ሰው ሁለቱንም ያመዋል ብሏል። አንዳንዱ። ዛሬ መንገድ ላይ የሰማሁትን ሁሉ መቁጠር ጀመርኩ፤ የባጃጅ ጥሩምባ፣ የዓሣ ሻጩን ጥሪ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚሮጥ ዝንጀሮ። እንደሚሰናበት ሰው።

ፈራሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 4

ክትባት ክፍል ሕፃናቱ ሁሉም በአንድ ላይ ያለቅሳሉ። ቢያንስ ይሄ ይሰማኛል።

ሰብሊ ማዋለጃ ክፍል አዲስ ደንብ አወጣች። የፅንስ ልብ የሚያዳምጥ ሁሉ የእናትየውን ምት ብቻ ሳይሆን የራሱንም ይለካል። አልጋውም ከግድግዳው ተነሥቷል። ለሠራተኛው ስታስረዳ ስሜን አልጠራችም። እኔ ነኝ እጄን ያወጣሁት። "ይሄ የደረሰው በእኔ ነው" ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ማንም አልሳቀም። ስንወጣ ሰብሊ የምሳ ዕቃዋን ከፍታ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ። ከነገርኳት ቀን ወዲህ ዛሬ ገና።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

ጋሽ አሞጽ ሱቅ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። ሰው ፊት፤ ያዋረድኩትም ሰው ፊት ነበርና። "ያን ቀን እኮ ገብቶኝ ነበር" አለኝ። "እናቴም እንዲህ ነበረች። ደንቆሮ መባልን ስለምትፈራ ሰውን ሁሉ አይሰማም ትል ነበር።" ከዚያ ቦርሳውን አንሥቶ፣ "ነይ፣ ማሽኑ ብቻውን ነው" አለኝና አብሮኝ መጣ።

ጨርቁን ገፈፈ። ሁለቱን ሳጥኖች ከወንበሬ በስተቀኝ ደረደራቸው፤ አንዱ በአንዱ ላይ። ከአምፕሊፋየሩ ፊት ጽሑፉ የጠፋ አንድ ቁልፍ ተጫነ። "ይሄ ግራና ቀኝ የተከፈለውን አንድ ላይ ያመጣል። ከእንግዲህ በአንድ በኩል የሚቀር የለም።"

ጥቅምት ላይ መጀመሪያ የሰማሁትን ሸክላ አስቀመጠ። ዘፋኙ ገባ። ከዚያ ከሥሩ... ምንድነው ይሄ? አኮርዲዮን! ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ እየተከተለው፣ ሲያርፍ እየተቀበለው። ደጋግሜ ስሰማው የከረምኩት ዘፈን ነው። በግራ በኩል ነበረ፤ ሁልጊዜ ነበረ።

ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ያው ፍርሃት መጣ። ሌላስ ምን ምን አምልጦኝ ይሆን? የማላውቀው፣ የማልጠይቀው?

ድሮ ብሆን ዝም እል ነበር።

"ጋሽ አሞጽ፣ ሌላ አንተ የምትሰማው፣ እኔ የማልሰማው ነገር አለ?" አልኩት።

በርጩማ ጎትቶ በግራዬ ተቀመጠ።

"ሸክላውን ድገሚው" አለኝ። "እየሰማሁ እነግርሻለሁ።"