ናይሮቢ ያልደረሰው መርዶ

ውድ ነቢላ፣

ስለ እኔ የሰማሽው ልክ አይደለም። «የእናቴን ሞት ያስደበቀችኝ ቲቸር ናት፤ ለእንግሊዝኛ ፈተናዋ ብላ ነው» ብለሽ ለኦብሴ በድምፅ እንደላክሽላት አውቃለሁ። ኦብሴ የአጎትሽ የሚፍታ ልጅ ናትና እንዳትቀየሚያት ፈርታ አልተከራከረችሽም፤ እኔ ዘንድ መጥታ ግን ስልኳን ከፍታ አሰማችኝ። ድምፅሽ ነበር። ሁለተኛ እንድታሰማኝ አልጠየቅኳትም።

እኔ አላስደበቅኩም። የማስደበቅም የማስነገርም ሥልጣን አልነበረኝም። ጎረቤት ነኝ፤ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ ያስተማርኩሽ ጡረተኛ መምህር ነኝ። የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተሉ እጽፍልሻለሁ። አንብበሽ ስትጨርሺ የፈለግሽውን ፍረጂ።

እናትሽ ያረፈችው ረቡዕ ዕለት ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው። ስኳሩ ኩላሊቷን እንደነካው አንቺም ታውቂ ነበር፤ ይህን ያህል እንደሚቸኩል ግን ሐኪሞቹም አልነገሩንም። ጠዋት ሱቋን ከፍታ ለአንዲት ሙሽራ ጨርቅ ትቆርጥ ነበር። ደከመኝ ብላ ተቀመጠች። መቀሱን ከእጇ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። ባጃጅ ጠርተን ሆስፒታል አደረስናት፤ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች። መግሪብ ሳይደርስ ተቀበረች። ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ስለዋለ የጭላሎ ተራራ በጉም ተሸፍኖ አይታይም ነበር። ይህን የምነግርሽ ቀኑ ምን ይመስል እንደነበር እንኳ የነገረሽ ሰው ስለሌለ ነው።

ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ ስንቀመጥ ኦብሴ ስልኳን አወጣችና አባትሽን «አባባ አብዶ፣ ልደውልላት?» አለችው። ስልኩን ከእጇ ወሰደባት።

«ስልክ ያቅፋታል?» አላት። «ስትወድቅ ስልክ ይይዛታል?»

በእኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቂያለሽ። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሳይቀድ በር ይንኳኳል፣ ከሚናገረው ሰው ጎን የሚደግፍ ሰው ይቆማል። አባትሽ ልጁ ከዚህ ያነሰ አይገባትም አለ። ስለዚህ ሚፍታ ናይሮቢ ድረስ ሄዶ በአካል እንዲነግርሽ ተወሰነ። የሚፍታ ፓስፖርት ጊዜው አልፎበት ነበር። «ይታደሳል» ተባለ። እንዲህ ያለ ነገር መቼ እንደሚታደስ የጠየቀ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ከተወሰነ በኋላ የእናትሽ አጎት ከዲሮ ወደ እኔ ዞረ።

«ቲቸር፣ የልጅቱ ፈተና መቼ ነው?»

«በሚመጣው ወር መጨረሻ» አልኩ።

ያልኩት ይኸው ነው። በአዳሪ ትምህርት ቤት ያሳደጉን ሴትዮ የተጠየቅነውን ብቻ እንድንመልስ አስተምረውናል፤ አንዲት ቃል ከጨመርን ቆመን እንውል ነበር። ከዲሮ ግን ሰዉን ዙሪያውን ተመለከተና «እንግዲህ ቲቸር ከፈተናው በኋላ ይነገራት ብላለች» አለ።

«እንደዚያ አላልኩም።»

«ገብቶናል ቲቸር፣ ገብቶናል» አለኝ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እንደሚያመሰግን ሰው።

ሐዘን ቤት ነው፤ ደግሜ ልሟገተው አልቻልኩም። ሲመሽ ነገሩ ከድንኳኑ ወጥቶ ከተማ ገብቶ ነበር። አንቺ ዘንድ የደረሰው ይህ ነው።

ከዚያ አሰላ በሙሉ አፉን ዘጋ። የክፍል ጓደኞችሽ ፌስቡክ ላይ አንዲት ቃል እንዳይጽፉ ኦብሴ አንድ በአንድ አስማለቻቸው። ሆስፒታል ያደረሰን የባጃጅ ሾፌር ሳይቀር «ነቢላ አትሰማም አይደል?» ብሎ ጠይቆኛል። ገበያ ውስጥ ስምሽ ሲነሳ ሴቶቹ በዓይን ይነጋገሩ ነበር። እዚያው ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር የሚነግዱትን የአርሲ ሰዎች ግን ያሰበ የለም። የአገርሽን ቋንቋ እየሰማሽ እንግሊዝኛው እንዳይርቅሽ ብለን ከኢስሊ ራቅ አድርገን ኬንያዊት ሴትዮ ቤት ያስገባንሽ እኛው ነንና የአገር ሰው የሚያገኝሽ አልመሰለንም።

ናይሮቢ ውስጥ ወደ የባህልና የጥበብ ዝግጅቱ የላክሁሽ እኔ ነኝ። ይህን አልክድም፤ አሁንም ትክክል ነበር እላለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ከክፍል ውጪ አንድ ነገር ተመልከቺ፣ ያየሽውን ለእኔ በእንግሊዝኛ፣ አዮ ለምትያት እናትሽ ደግሞ በቤታችሁ ቋንቋ ንገሪ ብዬሽ ነበር። አንድም ሳምንት አላጎደልሽም። ሙዚየሙን፣ ግድግዳ ላይ የሚታየውን ፊልም፣ ካፌ ውስጥ ቆመው ግጥም የሚያነቡትን ወጣቶች፣ ሁሉንም ነግረሽናል።

እናትሽ መልእክትሽን ብቻዋን ሰምታው አታውቅም። ስልኩን ከጨርቁ ክምር ላይ ታስቀምጠውና ገበያተኛው ሁሉ ይሰማል። የከበሮ መቺዎቹን ነገር የላክሽ ቀን ቅቤ ነጋዴዋ ኩልሱማ ሱቁ በር ላይ ቆማ ነበር።

«ከበሮ ለማየት ነው ኬንያ ድረስ የሄደችው?» አለች። «በቆጂ ሰርግ ብንወስዳት አይቀላትም ነበር?»

«አንቺ ደግሞ፣ ትምህርት እኮ ነው» አለቻት እናትሽ። «ቲቸር ናቸው ያዘዟት።»

«እውነት ቲቸር፣ ይሄ ትምህርት ነው?»

«ነው» አልኳት።

«እንግዲያው እኔንም ይመዝግቡኝ፤ ቅቤው ይቅርብኝ።»

ቴአትር ቤት የገባሽ ጊዜ ደግሞ ተመልካቹ ከተቀመጠበት ሆኖ ለተዋንያኑ እየጮኸ ይመልስላቸዋል ብለሽ ነበር። እናትሽ ይህን ማመን አቃታት። «የእኔስ ልጅ? ዝም ብላ ነው የተቀመጠችው?» እያለች ጠየቀችኝ። ራስሽን እንድትጠይቅሽ ነገርኳት። እኔም ጮኼያለሁ ብለሽ መለስሽ። ሳምንቱን ሙሉ ጨርቅ ሊገዛ ለመጣ ሁሉ «ልጄ በእንግሊዝኛ ጮኸች» ስትል ከረመች። ዋጋ የሚከራከራት ሰው እንኳ ይህን ሳይሰማ አይወጣም ነበር።

ከሞተችም በኋላ መልእክትሽ አልቀረም። እሑድ ከሰዓት ስልኳ በአባትሽ ኪስ ውስጥ ጮኸ። አልከፈተውም፤ ይዞት እኔ ዘንድ መጣ። «ቲቸር፣ እስቲ አብረን እንስማው» አለኝ። የፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ አይተሽ ነበር፤ የአሮጊቶች ፊት ብቻ የተሰቀለበት። «አዮ፣ አንዷ አንቺን ትመስላለች፤ አዳራሹን ዞሬ ዞሬ ስመለስ ራሴን እሷው ፊት አገኘዋለሁ» አልሽ። አባትሽ እዚያ ላይ ዘጋው። ቀሪውን እስከ ዛሬ አልሰማነውም።

ቀጥሎ አንቺው ለእኔ ደወልሽ። ከእኔ ጋር ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው የምታወሪው፤ ያን ቀን በአማርኛ ጀመርሽ።

«ቲቸር፣ አዮ ለምን ስልክ አታነሳም?»

«አባትሽን ጠይቂው።»

«ጠየቅኩት። በቆጂ አያትሽ ዘንድ ናት፣ ኔትወርክ የለም ይለኛል። ደህና ናት አይደል?»

«አባትሽን ጠይቂው፣ ነቢላ» አልኩሽና ስለ ክፍል ጓደኞችሽ ጠየቅኩሽ። ከአፌ ውሸት አልወጣም። ያን ጊዜ ይህ የሚበቃ መስሎኝ ነበር።

የባህል ቀኑን ነገር የሰማሁት ከኦብሴ ነው። ትምህርት ቤታችሁ ተማሪው ሁሉ አገሩን እንዲያስተዋውቅ አዟል። አንቺም ለብሰሽ አጊጠሽ መድረክ ላይ ወጥተሽ ስለ አሰላ ተናገርሽ፤ ስለ ስንዴው፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ በቆጂ ሯጮች። በእንግሊዝኛ፣ ያለ ወረቀት። አጨበጨቡልሽ። ስትወርጂ ኢስሊ የሚነግድ የአርሲ ዲክሲስ ሰው የአገሩን ስም ሰምቶ ደስ ብሎት ወደ አንቺ መጣ።

«የሀጂራ ልጅ ነሽ አይደል? አላህ ይርሐማት። ጀነት ያግባት።»

«የየትኛዋ ሀጂራ?» ብለሽ ጠየቅሽው ይባላል። ሰውየው የአባትሽን ስምና የሱቁን ቦታ ነገረሽ። ያወቅሽ መስሎት ነው፤ እሱን አትጥዪው። ስትወድቂ የያዙሽ ከየአገሩ የመጡ ልጆች ነበሩ። ደግ ልጆች መሆናቸውን ሰምቻለሁ። የምትዪውን ግን አንዳቸውም አልሰሙሽም፤ በማያውቁት ቋንቋ ነበር የምትጮኺው።

ፈተናውን እንዳልተፈተንሽ አውቃለሁ። ስለዚህ አንዲት ቃል አልናገርሽም። የከበደኝ ሌላው ነው። «አሰላ የሚባል አገር የለኝም፤ የአባቴንም ስልክ አላነሳም» ብለሻል። የሚፍታ ፓስፖርት በዚያው ሳምንት ወጣለት፤ ቢመጣ በር አልከፍትለትም ብለሻል።

አባትሽ ምን እያደረገ እንደሆነ ልንገርሽ፤ የሚነግርሽ ሌላ ሰው የለምና። የራሱን የእህል መጋዘን ለሚፍታ ትቶ የእናትሽን ሱቅ በየጠዋቱ ይከፍታል። የጨርቅ ነገር አያውቅም፤ ሻሹን ከነጠላው ለመለየት እንኳ ኩልሱማን ይጠራል። ሴቶቹ ዋጋውን ራሳቸው ነግረውት፣ ራሳቸው ቆርጠው፣ ከፍለው ይሄዳሉ። እስካሁን ያታለለችው የለችም። ባለፈው ሰኞ ከጎኑ ተቀምጬ ሳለሁ ሳልጠይቀው ተናገረ።

«ቲቸር፣ ብቻዋን እንዳትሰማው ብዬ ነበር። ብቻዋን ሰማችው።»

 አንድ ሕፃን መጥቶ ክር ጠየቀው፤ ያለበትን ያሳየሁት እኔ ነኝ።

ይቅር በዪው ብዬ አልጽፍልሽም። ይቅርታ የልብ ነገር ነው፤ እንደ የቤት ሥራ አይታዘዝም። እኔ የማየው ያልተሠራ አንድ ሥራ ነው። ወሬው ደረሰሽ፤ መርዶው አልደረሰሽም። በርሽን ያንኳኳ ሰው የለም። ከጎንሽ ወለል ላይ የተቀመጠ፣ እናትሽን በስሟ እየጠራ ከአንቺ ጋር ያለቀሰ ሰው የለም። አባትሽ ይህ እንዳይቀርብሽ ብሎ ነው ያን ሁሉ የጠበቀው፤ በመጠበቁም ያው ቀረብሽ። ይህ እንዲህ እንደተጓደለ ሊቀር አይገባም።

ስለዚህ እኔ እመጣለሁ። ልጄ ይስሃቅ ዓይኔን ውጭ አገር ሊያሳክም ያወጣልኝ ፓስፖርት አለ፤ ሕክምናው ቀርቶ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ሻንጣዬን የሚይዝልኝ ሚፍታ ነው። በርሽ ድረስ አይመጣም፤ መንገድ ላይ ይጠብቀኛል። በር አልከፍትም ያልሽው ለእሱ ነው። እኔን በተመለከተ ምን አለች ብዬ ኦብሴን ሁለት ጊዜ ጠይቄያታለሁ፤ ስለ በር ያልሽው ነገር የለም። ባትከፍቺም ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። ጉልበቴን ታውቂዋለሽ፤ አንዴ ከተቀመጥኩ በቀላሉ አልነሣም። አከራይሽ ወንበር ታወጣልኝ ይሆናል።

ይህን ደብዳቤ ኦብሴ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። ሳላስታውቅ ሰው ቤት መድረስ ስለማልወድ ነው። የመስመሮቹን ጫፍ እንዳትቆርጠው አስጠንቅቄያታለሁ።

ነገ መጀመሪያ የማደርጋቸውን ነግሬሽ ላብቃ። ሱቁን ሳይከፍት አባትሽ ዘንድ እደርሳለሁ፤ መሄዴን እነግረዋለሁ እንጂ ፈቃድ አልጠይቀውም። ከዚያ ሚፍታን ትኬት እንዲቆርጥ ወደ አዳማ እልከዋለሁ። ወፍራሙን ሹራቤን አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፤ ፀሐይ ከወጣ። ከዚያ ኩልሱማ ቅቤዋን ይዛ ገበያ ሳትወጣ ቤቷ እሄዳለሁ። በዚህ ከተማ ይህን ሁሉ ዘመን ስኖር ኦሮምኛዬ ከሰላምታና ከገበያ አላለፈም። የእናትሽ እህት ብትኖርና መርዶውን ይዛ በርሽ ላይ ብትቆም ምን ብላ እንደምትጀምር፣ ምን ብላ እንደምታቅፍሽ ኩልሱማ ታውቃለች። ቃል በቃል እንድታስተምረኝ እጠይቃታለሁ። መጀመሪያ ትስቅብኛለች። መሳቋን እስክታቆም ድረስ እየደጋገምኩ እለዋለሁ።

እታገኘሁ
አሰላ