«ሆቴል» ያልሰማ ጆሮ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ ጉሮሮሽን የሚከረክርሽ ነገር ለቀቀሽ ወይ? ድምፅሽን በየማታው በሬዲዮ ብሰማም፣ ዜና የምታነብ ሴት በዜና መሃል አባቷን አሞኛል አትለውምና ሳልጠይቅ አልቀርም። ባልሽ ደህና ነው? ልጆቹስ? እኔ ከጉልበቴና ከፀጉር ቆራጩ በቀር ያስቀየመኝ የለም።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። አለቃሽ አድማጭ ስለሸሸን በሬዲዮ ይቅርታ ጠይቂ ማለቱን ሳነብ ደሜ ፈላ። የምን ይቅርታ? አንቺ ያልሽው «አንጋፋው አሰልጣኝ ከጉዟቸው ተመልሰው በሆቴል አረፉ» ነው። እዚህ ሬዲዮው ሲንኮሻኮሽ «በሆቴል» የምትለዋን ዋጣት። ሱቄ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ኡኡ አለ። በማግስቱ ማለዳ ሰፈሩ እያለቀሰ ወደ እህታቸው ቤት ሲወርድ፣ በሩን የከፈቱት ራሳቸው አሰልጣኙ ናቸው፤ ለቁርስ መጥተው ኖሯል!

ዱሮ በዜና ሰዓት መቀመጫ ታጥቶ ሰው በሚሰፋ ጫማ ላይ ይቀመጥ እንደነበር ታውቂያለሽ። ከዚያ ወዲያ ግን ፊት ለፊቴ ያለው ፀጉር ቆራጭ፣ ያ ምላጩ የምንለው፣ ዲሽ ተክሎ የሌላ አገር ቴሌቪዥን ከፈተና ሰዉን ጠርጎ ወሰደብኝ። እሱስ ባልከፋኝ። «ለልጅህ ስሜን እንዳትነግራት፣ ትገድለኛለች» እያለ ደንበኛውን በአንቺ ያስቃል። ቆይ ብቻ አልኩ።

ቀኑ ደረሰ። ያ የሚመካበት ጣቢያ የአማርኛውን ዜና አቋርጦ ዘፈን ብቻ ሆነ። ሰዉ ጫማ ሊያሰፋ የመጣ እየመሰለ ተመለሰ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ «አሰልጣኙ የት አረፉ?» እላለሁ። «ሆቴል» ያላለ አይገባም። አሮጊቷ ጎረቤታችን እንኳ «ሆቴል፣ ሆቴል፣ አሳልፈኝ፣ ወገቤን!» ብለው ገቡ። ምላጩ ግን ሞቼ እገኛለሁ አለ። መስኮቴ ሥር ቆሞ ያዳምጣል፤ እኔም ድምፁን እቀንሳለሁ።

ባለፈው ሳምንት ወንድሙ ለግንባታ ሥራ በሄደበት አገር መሬት ተንቀጠቀጠ። ስልክ አልሠራ ብሎት ያው መስኮቴ ሥር ነው። አንቺ «የግንባታ ሠራተኞቹ በሙሉ በሰላም ወጥተው በትምህርት ቤት አርፈዋል» ስትዪ፣ እሱ ጋ የደረሰችው «ሠራተኞቹ በሙሉ… አርፈዋል» ብቻ ናት። መሬት ላይ ተዘርግቶ ጮኸ። ወዲያው ተነሳህ ወይ ብትዪኝ፣ አልተነሳሁም። የያዝኩትን ታኮ መትቼ ጨረስኩ። ይቅመሳት አልኩ። ከዚያ ወጥቼ «ትምህርት ቤት ነው ያረፉት፣ አንተ ደንቆሮ! በሕይወት አሉ!» አልኩት። እግሬ ላይ ተጠመጠመ። ሰዉ ይቅር በለው ብሎ ለመነኝ። ገብቶ እንዲሰማ ፈቀድኩ፤ በሩ አጠገብ፣ ነፋሱ በሚገባበት በኩል። ይቅር ግን አላልኩትም። እናትሽ ብትኖር ይቅር በለው ትለኝ ነበር፤ እኔም እሺ እላት ነበር። አሁን ማንን ብዬ?

እንግዲህ ስሚኝ። አንቺ ይቅርታ ካልሽ ምላጩ ደረቱን ነፍቶ ከደጄ ይነሳል፤ እኔም ያን ሬዲዮ ለአሮጌ ዕቃ ገዢ እሰጠዋለሁ። ሥራውን ቢያስለቅቁሽ ቤትሽ እዚህ ነው። ቃሉንም እንዳትለውጪ፤ እነሱ ጆሯቸውን ይለውጡ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ። አማትሽን እጅ ነስቷል በያቸው። ትልቋን ጉንጯን፣ ትንሹን ግንባሩን ሳሚልኝ፤ የጫማ ቁጥራቸውን ላኪ። ይቅርታ ጠይቂ ላለሽ አለቃሽ ግን ሰላምታ የለኝም።

አባትሽ
ከጫማ መስፊያው ሱቅ
ሐሙስ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን